የዱባው ነገር

ከጤና ጣቢያ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የልጅ ልጅና ጓሮ ሆኗል። እናቷ ቤይሩት ስለምትሠራ የ7 ዓመቷ ልጅ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ዘንድሮ አጥር ሥር ዱባ ተከልን። ሐረጉ የማድቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ልጅቱም በየቀኑ እየቆጠረች ለእናቷ በስልክ "6 ዱባ አለን" ትላለች። ሳምንት ሳይሞላ ስድስቱም ሎሚ እንኳ ሳያክሉ ቢጫ ሆነው ረገፉ። "እማምዬ፣ ታመው ነው?" አለችኝ።

ፍግ ጨመርኩ፤ ውሃም ጨመርኩ። በክረምት ውሃ!

ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት አለቻት። ልጅቱ የቆጠረችው እነዚህን ነው፤ ገና ያልፀነሱትን። የወንዴው ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አያደርሰውም፤ ንብ ያስፈልገዋል። አበባው ደግሞ ማለዳ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ ቀትር ሳይደርስ ይከደናል።

ንቦቹስ የት ሄዱ? እዚህ ላይ ነው የማፍረው። ጎመኑን ትል ሲበላብኝ ከገበያ የተባይ መድኃኒት ገዝቼ፣ ዱባው አጠገብ፣ አበባው በተከፈተበት ማለዳ ረጨሁ። 30 ዓመት ሙሉ "መድኃኒቱን መቼና ስንት እንደምትወስዱ ጠይቁ" ስል የኖርኩ ነርስ፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ አላነበብኩም። ቀፎ ያላቸው ጎረቤቴ ንብ እየሞተባቸው እንደሆነ ሲነግሩኝ እንኳ "ብርዱ ይሆናል" ብዬ አልፌ ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና "ሲስተር፣ ቀድመው ቢነግሩኝ መውጫቸውን እዘጋው ነበር" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ትሉን በእጄ እለቅማለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከልጅቱ ጋር ጓሮ እንወርዳለን። ወንዴውን አበባ ቀጥፋ ቅጠሎቹን ትልጥና፣ መሐሉ ላይ ያለውን ቢጫ ብናኝ በሴቴዋ አበባ እምብርት ላይ በቀስታ ታሻሸዋለች። ወንዴና ሴቴ በመለየት ከእኔ ዓይን የእሷ ይፈጥናል፤ እኔ መነጽር ስፈልግ እሷ ሦስተኛው ላይ ደርሳለች።

ሁለት ይዘዋል። ግን ከእማምዬ ጭብጥ እስኪበልጡ ድረስ ለእናቴ አልነግራትም ብላለች።