አስተያየት በመጨረሻው ገጽ ላይ

ስለ ሐዋሳ የሚያወራላችሁ ሰው ሁሉ ከሐይቁ ይጀምራል። አይፈረድበትም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ውሎ፣ የሻሸመኔን ግርግር አልፎ፣ ጥቁር ውኃን ተሻግሮ ያ ሁሉ ውኃ ከፊቱ ሲንጣለል ሌላ ምን ያውራ? ከሐይቁ ቀጥሎ የአሞራ ገደልን ዓሣ ያነሳል፣ ከዚያ ጉሬዛዎቹን፣ ከዚያ ዛፍ ያጠላበትን ሰፊ ጎዳና። አንባቢዎቿን ያነሳልኝ ግን ማንም አልነበረም። እኔ ይኸው ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ሐዋሳ በጠየቁኝ ቁጥር ስለ አንዲት መጽሐፍ አከራይና ስለ አንድ ገጹ የሰለለ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ማውራት ይዣለሁ። ወዳጆቼ "ዓሣውስ?" ይሉኛል።

ሱቋ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ጥቂት ገባ ብላ ናት። ከፊት ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ መጽሐፍ። ባለቤቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መልሳ የምትፈልግ ሴት ናት። መጽሐፍ ትሸጣለች፤ ይበልጡን ግን ታከራያለች። መያዣ ትቀበላለች፣ ስም ትመዘግባለች፣ መጽሐፉ ሲመለስ የታጠፈውን ገጽ እየዘረጋች ትቆጣለች። አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ቤት ነበረ፤ በሳንቲም ተከራይተን በሻማ ያነበብነው ስንቱን ነው! የሞተ መስሎኝ የነበረን ነገር እዚህ ቆሞ ሲሄድ ሳገኘው ፍቅር ያዘኝ፤ ሌላ ምን ልበለው።

"የመጽሐፍ ጥሩነት በምን ይታወቃል?" አልኳት።

መዝገቧን ከፈተች። "እኔ ዘንድ በቀን ነው። ልብ አንጠልጣይ ተብሎ ሰው እጅ አራት ቀን ከቆየ፣ ልብ አላንጠለጠለም ማለት ነው። ይኼን ይዩት።"

ጣቷ ያረፈበት መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ጡብ የሚያህል። ግን ወጥቶ በማግስቱ፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን እየተመለሰ ገጹን ሞልቶታል። ርዕሱ "አይ አም ፒልግሪም" ይላል። ቴሪ ሄይስ የሚባል፣ እንግሊዝ ተወልዶ አውስትራሊያ ያደገ ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ነው። ሰውዬው አስቀድሞ የፊልም ጸሐፊ ነበር፤ "ማድ ማክስ" ላይ እጁ አለበት፤ ያስታውቅበታል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱም አንባቢውን ደጅ ላይ አቁሞት ይሄዳል። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ተራ ሆቴል ውስጥ በተገደለች ሴት ይጀምርና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ አፍጋኒስታን ተራሮች፣ ወደ ቱርክ ጠረፍ ይከንፋል። አባቱ በአደባባይ በሰይፍ የተቀላበት ልጅ አድጎ ሐኪም ይሆናል፤ ሐኪሙ ፈንጣጣን፣ ያውም ክትባት የማይመክተውን፣ በስውር ሠርቶ ወደ አሜሪካ በሚላክ መድኃኒት ውስጥ ሊከት ያደባል። አንድ እውነተኛ ስሙ የማይታወቅ ሰላይ ደግሞ ዱካውን ይፈልጋል።

መጽሐፉን ገልበጥ ሳደርገው ነው ግኝቴን ያገኘሁት። ከታሪኩ መጨረሻ በኋላ ያሉት ባዶ ገጾች በእጅ ጽሑፍ ተጨናንቀዋል። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ እርሳስ። ባለቤቷ የደነገገችው ሕግ ነው፤ መሃል ላይ የጻፈ መያዣው ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ግን የልቡን መጻፍ ይችላል።

"በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ጠዋት ፈተና ነበረኝ። ስለ ፈተናው አትጠይቁኝ።" ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሥሩ፦ "ዴርቶጋዳን አያክልም።" ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ "ያክላል።" ከዚያ ጭረቱ ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ፦ "አያክልም!!" የይስማዕከ ወርቁ "ዴርቶጋዳ" በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ በየታክሲውና በየካፌው የነበረውን ጥድፊያ ያየ ሰው ይህን ጠብ አይንቀውም። ከዚያም በፊት ማሞ ውድነህ በ"የኛው ሰው በደማስቆ" አንድን ትውልድ ስለላ አስለምደውታል። ሐዋሳዎቹ ሄይስን የሚመዝኑት በእነዚህ ነው፤ ልክም ናቸው።

ወረድ ብሎ ሌላ ክርክር፦ "ለምንድን ነው ሁልጊዜ ክፉው ሙስሊም የሚሆነው? ሰልችቶናል።" መልሱ ረዘም ይላል፤ ልጁ ከመክፋቱ በፊት የተደረገበትን ደራሲው እንዳልደበቀ፣ መጽሐፉ ውስጥ ከሰላዩ ይልቅ የሚያሳዝነው እሱ እንደሆነ ይሞግታል። ጠያቂው አልረካም፦ "ማዘን ሌላ፣ ማስፈራሪያ ማድረግ ሌላ።" እኔም እዚህ ላይ ከጠያቂው ጋር ነኝ። ደራሲው ለክፉው ሰው የሰጠው ስም ራሱ፣ "ሳራሰን"፣ ከመስቀል ጦርነት ዘመን የተቆፈረ የሙስሊም መጠሪያ ነው፤ ለሰላዩ "ፒልግሪም"፣ መንፈሳዊ ተጓዥ የሚል ስም ሰጥቶ ለዚያኛው ይህን መስጠት ዳኝነቱን ከገጽ አንድ በፊት ያስነብባል።

አንዱ ደግሞ በቀይ፦ "እኛ ላይ ሲዘንብ ልቦለድ አልነበረም" ብሎ ትቶታል። ስለ መርዝ ጋዙ ነው። እ.ኤ.አ. የ1925ቱ የጄኔቫ ስምምነት መርዝ ጋዝንና በጀርም መዋጋትን በአንድ ወረቀት የከለከለ ነው፤ ጣሊያን የፈረመችውን ስምምነት ረግጣ በ1928 ዓ.ም. የሰናፍጭ ጋዙን ከአውሮፕላን ረጨችው። ስድስት ቃል የማትሞላ አስተያየት ይህን ሁሉ ይዛለች።

ከሁሉ ታች፣ በእርሳስ፣ በድሮ የቄስ ትምህርት ቤት የእጅ ጽሑፍ፦ "በሽታው እንዲህ አይሮጥም።"

"ይኼ የማን ነው?"

"የጋሼ ናት" አለች እየሳቀች። "ሁለት ጊዜ ተከራይተውታል። ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል አያጡም።"

ባጃጅ ይዤ በማግስቱ ማለዳ ወረድኩ። አሞራ ገደልን በጠዋት ያላየ ሰው ሐዋሳን አላየም። ጀልባዎቹ መረቡን ይዘው ሲመጡ ሴቱም ወንዱም ልጁም ይከባል፤ ዓሣው እዚያው ይገፈፋል፣ ይቆራረጣል፤ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ቀብረው እንደ ዕድርተኛ ሽማግሌ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የደፈረ ጥሬውን በዳጣ ይበላል። እኔ ሾርባውን መረጥኩ፤ ትኩስ ነው፣ ቃሪያው ዓይን ያስነባል፣ ከዚህ የተሻለ ቁርስ በዚህች አገር አላውቅም። ወደ ሰማኒያ የሚጠጉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ከአንዲት ወጣት ነርስና ከአንድ ተማሪ ጋር ተቀምጠዋል። ስለ እርሳሱ ጽሑፍ ስጠይቅ ወንበር ሳቡልኝ።

ጋሼ በወጣትነታቸው የፈንጣጣ ከታቢ ነበሩ። ዘመቻው ኢትዮጵያ ውስጥ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር ዓለም እኛን ወደ መጨረሻ ትቶን ነበር። በዚያው በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖራል፤ መጓጓዣው በቅሎና እግር ነው። ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስ የመስኩን ሥራ ይመሩ ነበር፤ አሜሪካውያንና ጃፓናውያን ወጣት በጎ ፈቃደኞችም አብረው ተንከራተዋል።

"መሣሪያችን ምን ነበር መሰለህ?" አሉኝ። "አንድ ፎቶግራፍ። ፊቱ የፈነዳበት ሕፃን ፎቶ። ገበያ ቆመህ፣ ትምህርት ቤት ገብተህ፣ 'እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?' ትላለህ። ልጆች አይዋሹም። 'አዎ፣ ከወንዙ ማዶ' ይሉሃል። ማዶ ማለት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ትሄዳለህ። የታመመውን ታገኛለህ፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ትከትባለህ፤ ጎረቤት፣ ለቅሶ የደረሰ፣ እንጀራ ያቀበለ። ጫፏ ሁለት የሆነች መርፌ ናት፤ አሥራ አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ።"

ያልጠበቅሁትን ነገር የነገሩኝ ቀጥሎ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያን ጊዜ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ እንደ እስያው ከታመሙት ሲሶውን የሚገድል ሳይሆን፣ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ቢገድል ነው። ስለዚህ በየደጋው ሰው ከበሽታው ይልቅ ከታቢውን ይፈራ ነበር። የአገር ባህሉ ክትባትም ነበረ፤ ከሕመምተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መውጋት። አንዳንዴ እሱ ራሱ አዲስ ወረርሽኝ ያስነሳል። "ውሻ ለቀውብን ያውቃሉ፣ ድንጋይ ወርውረውብናል" አሉ ጋሼ፤ ቂም የለባቸውም።

"ታዲያ ልቦለዱ ምኑ ነው የጎረበጠዎት?"

"ምንም! እኔ እኮ ወድጄዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ነው ያነበብኩት፤ ባለቤቴ 'መብራት አጥፋ' ስትለኝ ነጋ።" ሳቁ። "ግን ፍጥነቱ። ፈንጣጣ የያዘው ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ሳይሆን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ማንንም አያሲዝም። ከዚያ ትኩሳቱ ይጥለዋል፣ ሽፍታው ሲወጣ ነው የሚያስተላልፈው። ያን ጊዜ ደግሞ ተኝቷል፤ የት ይሄዳል? አብሮት ያለውን ነው የሚይዘው። እኛ በእግራችን እየሄድን የደረስንበት ለምን ይመስልሃል? ከእኛ ይልቅ እሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው።"

ተማሪው አላስጨረሳቸውም። "ጋሼ፣ የመጽሐፉ እኮ የተሠራ ነው። ክትባት አይዘውም።"

"ክትባቱን ይለፍ እሺ። እግር ማን ሠራለት?"

ነርሷ ሾርባዋን አስቀምጣ ገባችበት። የእሷ አንባቢነት ሌላ ነው፤ ሰላዩ አያሳስባትም፣ ሐኪሙ ያስፈራታል። "እኔ ያቺን ጠርሙስ ይዞ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲሆን ነው መተንፈስ ያቃተኝ" አለች። "በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ተገኘ ሲባል ሁላችንም ጓንት ስናደርግ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ ቀርፋፋ ነው ይላሉ። ቀርፋፋም ቢሆን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ የሚነካው ነርስ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ነርስ የለችም፤ ስምንት መቶ ገጽ ሙሉ ማን ነው ሰዉን የሚያገላብጠው?"

ይህን የመሰለ ሂስ በታወቀ ጋዜጣ ላይም አላነበብኩም። ተማሪው ራሱ ዝም አለ።

ጋሼ ከመጽሐፉ የበለጠ የሚገርማቸው ሌላ ነው። ፈንጣጣ ከዓለም ይጥፋ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም ጤና ጉባኤ ያቀረበችው ሶቪየት ኅብረት ናት፤ ክትባትም በገፍ ለግሳለች። ያችው አገር እ.ኤ.አ. የ1972ቱን የጀርም ጦር መሣሪያን የሚከለክል ስምምነት ከፈረመች በኋላ ፈንጣጣን በቶን ታመርት እንደነበር፣ ከዚያው ሥራ አምልጦ በ1992 አሜሪካ የገባው ሳይንቲስት ኬን አሊቤክ "ባዮሃዛርድ" በሚለው መጽሐፉ ጽፏል። "እኔ በሽታውን ከገደል እገፋለሁ፣ እነሱ ከታች ሆነው ይቀልቡታል" አሉ ጋሼ። "ይኼን ልቦለድ ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር 'ተጋነነ' ብዬ መጨረሻው ገጽ ላይ እጽፍበት ነበር።"

የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ ባሌ ውስጥ፣ በኤል ከሬ፣ ዲሞ በምትባል መንደር የታየ ነው፤ የ3 ዓመት ሕፃን፣ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም.። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ፣ መርካ ላይ አንድ የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ታመመ፤ በተፈጥሮ የተያዘ የመጨረሻው ሰው እሱ ሆነ። በግንቦት 1980 እ.ኤ.አ. ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ ተባለች። አሁን ቫይረሱ በይፋ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አትላንታና ሳይቤሪያ ውስጥ ኮልትሶቮ። ጋሼ ዲሞ አልነበሩም፤ ወሬውን የሰሙት ሌላ ወረዳ ሆነው፣ አላመኑምም። ቁልቁል ቆላ ለቆላ ከዘላኑ ጋር እየዞሩ የቀረ እንዳለ ፍለጋው ቀጥሎ ነበር። "ማንም የማያየውን ነገር የለም ብለህ ለማስመስከር መዞር ነው። እሱን ነው አንድ ሰው ልብ አንጠልጣይ አድርጎ ቢጽፈው የምወድ።"

እውነትም በአማርኛ የት አለ? ስለ ደማስቆ ሰላይ አንብበናል፣ ስለ ጣና ገዳማትና ስለ ሮኬት አንብበናል። ፎቶ ይዞ በበቅሎ ገደል የወረደው ከታቢ በልቦለድ አላጋጠመኝም። ሦስቱ ግን ሄይስን አልተዉልኝም። ነርሷ መጨረሻው ላይ ሰላዩ ልጅን በመያዝ ያደረገውን ይቅር አትለውም፤ ተማሪው ያንኑ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዳነበበው በኩራት ይናገራል፤ ጋሼ ክፉው ሐኪም ሥራውን ስለሚያውቅ ብቻ ያከብሩታል፣ "ትዕግሥቱ የእኛ ነው" እያሉ። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሌላ ታዘዘ።

"ደራሲው እኮ በፈረንጆቹ 2023 ሌላ አውጥቷል" አለ ተማሪው። "'የአንበጣው ዓመት' ይባላል። አከራያችን እስካሁን አላገኘችውም።"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። "አንበጣ?" አሉ። "አንበጣስ ይሮጣል። በ2012 አይተነዋል። እዚያ ላይ አልከራከረውም።"