ቃለ ጉባኤው

በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ በወረዳችን የአንድ ትንሽ ፓርቲ ዕጩ መልማይ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ከሰባታችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔው። ለክልል ምክር ቤት ከተጠቆሙት መካከል አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ሰብሳቢው አዲሱ የምርጫ ሕግ ሴት ዕጩዎች ለሚያቀርብ ፓርቲ የገንዘብ ድጋፍ እንደሚጨምር አስታውሶ "ብናስገባትስ?" አለ። እጄን ያነሳሁት ለመቃወም ነው።

"ለብር ብለን ሴት አናቅርብ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ የገቡት በኮታ አይደለም፤ በራሳቸው ብርታት ነው" አልኩ። ወንዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። እኔም ኮራሁ።

ጠርተን አነጋገርናት። "ልጆችሽን ማን ይይዝልሻል?" ብዬ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። "ባልሽስ ፈቅዷል?" ያልኳትም እኔ። "እናቴ ትይዝልኛለች፣ እትዬ" ብላ አንገቷን ደፋች። ስሟ ተሰረዘ። በእሷ ቦታ ያቀረብነው ሰው የአራት ልጆች አባት ነው፤ ልጆቹን ማን እንደሚይዝለት አልጠየቅነውም።

ምርጫው ካለፈ በኋላ ሰነድ ሳስተካክል መዝገቡን ገለጥኩት። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ከወንዶቹ ስም ትይዩ "ሕዝብ ያውቀዋል"፣ "ንግግር ይችላል" ይላል። ከእሷ ትይዩ "ሕፃን ልጅ አላት"፣ "ዓይን አፋር ናት"። ቤት ለቤት እየዞረች እርጉዝ ስትከታተል፣ ሕፃናት ስታስከትብ ዓመታት የቆየች ሴት! በየጓዳው በስሟ የሚጠሯትን እናቶች ሕዝብ ብለን አልቆጠርናቸውም። ለእኛ ሕዝብ ማለት አዳራሽ መጥቶ የሚያጨበጭበው ነበር።

ወደ መጀመሪያው ገጽ ስመለስ፣ እኔ ኮሚቴውን ከመቀላቀሌ በፊት በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ፦ "ሴት አባል ስለሌለ አንዲት መምህርት ትጨመር።" መምህርቷ እኔ ነኝ። በችሎታዬ የተመረጥኩ መስሎኝ ነበር። ችሎታው አልነበረኝም አልልም፤ ግን ያ መስመር ባይጻፍ ችሎታዬን ማን ያየው ነበር?

የጠቀስኳቸውን ወይዘሮ ስንዱንም ዳግም አሰብኳቸው። ብርታታቸው አያጠያይቅም፤ የፋሺስት ኢጣሊያን እስር ያዩ ሴት ናቸው። ነገር ግን የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ስዊዘርላንድ ድረስ ተልከው ተምረዋል። ብርታት ኖሯት እንዲህ ያለ አባት ያልነበራት ስንቷ ናት? እሳቸው ከገቡ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1992ቱ ምርጫ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ ሴቶች የያዙት 42 ነበር። የያኔው ገዢ ግንባር ከዕጩዎቼ 30 በመቶው ሴቶች ይሁኑ ካለ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. 117 ደረሱ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሴቱ ችሎታ በእጥፍ አላደገም። የጠቋሚው እጅ ነው ወደ ሌላ አቅጣጫ የዞረው።

ጤና ኬላው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። የክትባት ካርድ እየሞላች ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

"ጥያቄው አልከፋኝም፣ እትዬ፤ ሁሉም ይጠይቀኛል። በሩን ከፍቼ ስገባ ግን አንቺን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር" አለችኝ።