ሻንጣው እስኪመጣ በገለምሶ

ነገሩ የተጀመረው በ10 ሳንቲም ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ከቁም ሣጥኔ ውስጥ አንዲት የድሮ ሳንቲም አገኘና ከአንበሳው በስተጀርባ ያለው ቀንዳም እንስሳ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ደጋ አጋዘን ነው አልኩት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ያለውም በባሌ፣ በአርሲና በጨርጨር ተራሮች ነው። «እንሂድና እንየው» አለኝ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ገለምሶ ስለምትኖር፣ በአጋማሽ ዓመት ዕረፍት እሷ ዘንድ አርፈን፣ ለደጋ አጋዘን ተብሎ ወደተከለለው የኩኒ ሙክታር ተራራ በእግር ልንወጣ ተስማማን።

ልጁ አስም አለበት። ሐኪሙ በጥንቃቄ ከሆነ መሄድ ይችላል ብሎናል። የሚሳበውን መድኃኒት፣ እኛ ፓፍ የምንለውን፣ ከወፍራም ሹራቡና ከጫማው ጋር በአንድ ሻንጣ አሳምሬ ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ።

ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስተን፣ አዋሽንና ሚኤሶን አልፈን ጭሮ ገባን። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ ማለት ይቀናዋል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በጄኔቭም በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተሟገቱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ እንደነበሩ ለልጁ እያወራሁት መኪና ቀየርን። ወሬዬን ሳልጨርስ ሻንጣችን ሌላ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኖሯል። የእኛም የእሱም መኪና ነጭ ነው፤ ሁለቱም በገለምሶ መንገድ ይሄዳሉ፤ ያኛው ግን ገለምሶን አልፎ እስከ መቻራ ይዘልቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ማታ ገለምሶ ወርደን ጣሪያው ላይ ብንፈልግ ሻንጣ የለም። ተራ አስከባሪው ጭሮ ደውሎ፣ ከጭሮ መቻራ ተደውሎ፣ ሻንጣው በደህና እንዳለና በማግስቱ እንደሚመለስ ተነገረን። ዘመዳችን «ጋሼ፣ እቃ ነው፤ ይመጣል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እቃው ውስጥ ያለውን ግን አላወቀችም። እኔም ልጁ ደህና ነው ብዬ አልነገርኳትም።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድኩት መድኃኒት ቤት ነው። ክኒኑ አለ፤ የሚሳበው አልቋል። ሁለተኛው ዘንድም እንዲሁ። ክኒን ዘግይቶ ስለሚሠራ ለድንገተኛ ብዙም አይረዳም። ቢሆንም መኪናው እስከ ቀትር ይደርሳል ብለን ልጁን ይዤ ከተማውን ለማየት ወጣሁ።

ገለምሶ በኮረብታ የተከበበች፣ ወይና ደጋ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ስሟ የሚነሳው ከጫት ጋር ነው፤ እዚያው ሄዶ ያየ ሰው ግን ቀድሞ የሚያስታውሰው ገበያዋን ነው። ማሽላ በየቀለሙ፣ ነጩም ቀዩም፣ በጆንያ ተደርድሯል። ሴቶች ደማቅ ሻሽ አስረው ከአህዮቻቸው ጋር ይገባሉ። «አከም ቡልተኒ» እያልኩ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ሰላም ስል ሳቁብኝ፤ የሽንኩርቷ ባለቤት ግን ለልጁ አንድ ሙዝ መረቀችለት።

ቡናውን ያሳየን አንድ አዛውንት ገበሬ ነው። የሐረርጌ ቡና ሳይታጠብ ከነገለፈቱ በፀሐይ ይደርቃል፤ ያ የተለየ መዓዛው ከዚያ ይመጣል። ገለፈቱም አይጣልም፤ በወተት ተፈልቶ ሆጃ ይሆናል። ታዲያ በየማሳው ቡናው ለምን ለጫት ቦታ እንደለቀቀ ጠየቅሁት። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀም፤ ዋጋውም ይወጣል ይወርዳል፣ በሽታም ያጠቃዋል። ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ በተቆረጠበት ቀን ገንዘብ ነው። «የልጅ ደብተር ቡና እስኪደርስ አይጠብቅም» አለኝ። እድሜ ልኬን ስለ ጫት ጉዳት ያስተማርኩ ሰው ለዚህ መልስ አጣሁ።

ከሰዓት በፊት ወደ መስጊዱ አቅጣጫ ተራመድን። ገለምሶ ከከተማነቷ በፊት የሃይማኖት ትምህርት ሥፍራ ነበረች፤ ሰዎቿ መሥራቻችን የሚሏቸው ሼኽ ዑመር አሊዬን ነው። ቁርአንን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ሼኽ መሐመድ ረሻድም የተወለዱት በዚሁ አካባቢ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አጥሩ ሥር ጥላ ላይ ስንቀመጥ ግን ማንም ምን ትፈልጋላችሁ አላለንም። አንድ ወጣት ውኃ አመጣልን።

ቀትር አለፈ፤ መኪናው አልመጣም። መቻራ ላይ ሰው ሳይሞላ አይነሳም ተባለ። ሻይ ቤት ስንጠብቅ የልጁን ማሳል የሰማ ሰው «ትንሽ ቅጠል ይቃም፤ ለአስም ፍቱን ነው» ብሎ መከረኝ። የድሮ ሰው እንዲህ ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቀድሞ ለአስም ይሰጥ ከነበረው ኤፌድሪን ጋር ስለሚቀራረብ አባባሉ መነሻ አለው። ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልጅንም ያስለምዳል፤ ስለዚህ ለልጅ መድኃኒት አይሆንም። አመስግኜ እንቢ አልኩ።

ማታ ዘመዳችን በደስታ ቡና አፈላች። ምጣዱ ጢሱን ለቀቀ፤ ዕጣኑም ተጨመረበት። ልጁ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሲጠጋ አየሁት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቃተው፤ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይነሳል። እኔ ይህን ምልክት ለስንት እናት አስተምሬያለሁ! ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጌ፣ ሸሚዙን ፈትቼ፣ በባጃጅ ወደ ጤና ተቋም ከነፍን። ያቺ መንገድ ከአዲስ አበባ ገለምሶ ረዘመችብኝ።

ተረኛዋ ነርስ ልጄ ብትሆን የምታንስ ወጣት ናት። የምትዋጋበት ሰፊ ዕቃ አልነበራትም፤ ግን ሥራዋን ታውቃለች። ባዶ ሃይላንድ አነሳች፤ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዳ ፓፉን ሰካችበት፤ የጠርሙሱን አፍ ልጁ አፍ ላይ አደረገች። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከመቅረት ይልቅ ወደ ሳንባ እንዲወርድ ይህ ቀላል ዘዴ በእርግጥ ይረዳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደገመችለት፤ ኦክስጅንም ሰጠችው። ትንፋሹ ሲረጋጋ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ የልጁ መድኃኒት የት ነው?»

«መኪና ጣሪያ ላይ» አልኳት። ነርስ እንደነበርኩ ለመናገር አፍሬ ዝም አልኩ። የልጅ ልጄ ግን «እሱም ነርስ ነው» ብሎ አጋለጠኝ። አልሳቀችብኝም። «እኛም ስንጓዝ እንረሳለን» አለችኝና እስኪነጋ አስተኛችው።

ሻንጣው በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ገመዱ እንኳ አልተፈታም። ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ብርዳም ተራራ ላይ በሌሊቱ የታመመ ልጅ ይዤ አልወጣም አልኩ። አለቀሰ፤ ተቆጣኝም። ቁጣውን የፈጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ቻልኩት።

የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ወላጆችና አያቶች፣ ለእናንተ የምለው ይህን ነው። አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱ ከሻንጣ ጋር አይጫን፤ ኪሱ ወይም እጁ ላይ ይሁን። ቢቻል ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይያዝ። ለምታርፉበት ቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ። ዘመዳችን ብታውቅ ኖሮ ቡናውን ደጅ ታፈላው ነበር፤ እስካሁንም ስትደውል የምታነሳው ይህንኑ ነው። ጥፋቱ ግን የእሷ ሳይሆን የእኔ ዝምታ ነበር።

ስንመለስ ኩኒ ላይ መኪናው መንገደኛ ለማውረድ ቆመ። ተራራው ጭጋግ ለብሷል። ልጁ ሳንቲሟን ከኪሱ አውጥቶ አጋዘኑን አየ፤ ቀጥሎ ተራራውን አየ። ከዚያ የደረት ኪሱን ዳበስ አደረገና ፓፉ መኖሩን አረጋገጠ።

«አባባ፣ ለከርሞ ስንመጣ ይቺን የምይዛት እኔ ነኝ» አለኝ።

ተስማማሁ።