ለእባቡ ሙቀት ከየት ይምጣ?

ባለፈው ኅዳር ታላቅ ወንድሜ ከሚኒያፖሊስ ደወለልኝ። ስለ እናታችን ጉዞ ልንነጋገር ነበር፤ ወስዶ ከእርሱ ዘንድ ሊያኖራት ከወሰነ ቆይቷል። «ቤቱ እንደሆነ ሌት ተቀን ይሞቃል፤ ብርድ አያገኛትም» ይላል ሁልጊዜ። የዚያን ዕለት ግን ጥቂት ዝም አለና «ልጄ እባብ ገዝቷል» አለኝ።

ነገሌ ቦረና፣ ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጦ የሰው ብር ሲቆጥር የሚውል ሰው ለዚህ ምን መልስ ይኖረዋል? «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብለው፣ «የአገርህ ልጅ ነው፤ አንተ ታውቅበታለህ» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነበር። ነጋዴዎቹ የኬንያ ይበሉት እንጂ፣ ይህ የአሸዋ እባብ በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ምድር፣ በእኛም ቆላ የሚኖር ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መዝገብ አስፍሮታል። አጭርና ድንቡሽቡሽ ነው፤ ለሰው የሚያሰጋ መርዝ የለውም፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ያደባል። እባብ እንደ እኛ ከሰውነቱ በቂ ሙቀት አያመነጭም፤ ከአካባቢው ይበደራል። በሚኒሶታ የበረዶ ወራት ደግሞ አበዳሪ የለም።

ሻጩ ሦስት ነገር አቅርቧል፦ ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ፣ ከላይ የሚሰቀል አምፖል፣ በውስጡ ሽቦ ያለበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ። «የትኛው ይሻላል?»

እማዬ ከጎኔ ሆና ሰምታለች። «በስመ ሥላሴ! ባሕር ተሻግሮ እባብ ያሳድጋል?» አለች። ጥቂት ቆይታ ግን ነጠላዋን አጣፍታ «ያም ፍጥረት ነው፤ ይበርደዋል» አለች።

እኔ በልቤ ምንጣፉን መርጬ ነበር። በሆዱ የሚሳብ ከሥሩ ቢሞቅ ምን ይጎድለዋል? ቅዳሜ ከሰዓት ባንኩ ሲዘጋ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ደረቅ ወንዝ ወረድኩና እጄን አሸዋው ውስጥ ሰደድኩ። ላዩ መዳፌን ለበለበኝ፤ እስከ ክንዴ ስገባ እንደ እንስራ ወገብ ቀዘቀዘኝ። ፍየል የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አይተውኝ ሳቁ። ምክንያቱን በኦሮምኛ ስነግራቸው፣ «ፀሐይ ስትበረታበት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲመሽ ይወጣል፤ ይኸው ነው» አሉኝ።

ስሕተቴ ያኔ ገባኝ። በአገሩ ሙቀት ከላይ ነው፤ መሸሸጊያው ከታች። ምንጣፉን ከሥሩ ብናነጥፍለት፣ ሙቀት ሸሽቶ በቆፈረ ቁጥር ወደ እሳቱ ይቀርባል። ድንጋዩ ደግሞ የባሰ ነው፤ እባቡ ከላዩ ሳይነሣ ሆዱ ሊቃጠል ይችላል።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። አምፖሉን ግዛ፤ እባቡ እንዳይነካው በሽቦ ተከልሎ በሳጥኑ አንድ ጫፍ ብቻ ይሰቀል፤ ቀን ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ፤ ቤታችሁ ሞቃት ነውና ለሌሊቱ ይበቃዋል። ሙቀቱን ቴርሞስታት ይቆጣጠረው። ከአምፖሉ ሥር ወደ 35 ዲግሪ ይድረስ፤ ሌላው ጫፍ ግን በ25 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ።

«ሌላው ጫፍ ለምን ይቀዘቅዛል?» አለኝ። «ሙቀቱማ ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገው ከሙቀቱ ወጥቶ የሚሄድበት ነው» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔም ደነገጥኩ። እማዬ ከጓዳ ነበረች። ያን ሰሞን ምጣዷን ለጎረቤት ልስጥ አልስጥ እያለች ታወጣና ትመልስ ነበር፤ አልሄድም ግን ብላ አታውቅም።

«ጋሼ፣ የእማዬ ትኬት የመሄጃ ብቻ ነው እንዴ?» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። በመስኮቴ በየቀኑ ከባሕር ማዶ የተላከ ብር ለእናቶች እከፍላለሁ፤ የላኪው ፍቅር ሐሰት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የወንድሜም አልነበረም። «ቤቱ ይሞቃል ስላት እኮ እንድትደሰት ነበር» አለኝ በመጨረሻ።

በጥር ልጁ ራሱ ደወለ፤ በተሰባበረ አማርኛው፣ «አጎቴ፣ ጠዋት ወደ መብራቱ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደዚያኛው ይመለሳል» አለኝ።

እማዬ ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች። ትኬቷ ደርሶ መልስ ነው። ምጣዱም አልተሰጠም።