217ኛው በረኛ

በሰፈራችን የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ግቡ ሁለት ድንጋይ ነበር፤ በድንጋዮቹ መካከል የሚቆመው ደግሞ ሌላ ቦታ ያጣ ልጅ። ትንሹ፣ ሩጫ የማይሆንለት፣ ወይም ዘግይቶ የመጣው «አንተ በረኛ ነህ» ይባላል፤ ክርክር የለም። እኔ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ጓደኞቼ ወዲያ ማዶ አቧራውን ሲያጨሱት እኔ ኳሱ እንዳይመጣብኝ እጸልያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ምነው በመጣ እላለሁ። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ጨዋታ ሳይ ዓይኔ የሚቀድመው ወደ በረኛው ነው። ቃሉንም እወደዋለሁ። የግቢ በር የሚጠብቁትን አዛውንትና ግብ የሚጠብቀውን ወጣት በአንድ ስም የሚጠራ ቋንቋ ስለ ሥራው የገባው ነገር አለ። ሁለቱም ሥራቸውን ሠሩ የሚባለው ምንም ሳይፈጠር ሲቀር ነው።

በዚህ ዓይን ካየኋቸው በረኞች መካከል ከልቤ ያልወጣው ኳስ የሌለበት ጨዋታ ሰው ነው። በበረዶ ሆኪ የሚመታው 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት በረዶ ያስመቱታል። ቆልማማው ዱላ የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ እንግዳ የሚሆነው ፍጥነቱ ነው። ጎማው በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊከንፍ ይችላል። በረኛው ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ እግሩን በወፍራም መከላከያ ጠቅልሎ፣ 183 ሳንቲ ሜትር ወርድና 122 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላት መረብ ፊት ይቆማል። አጥቂዎቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው እየወጡ ያርፋሉ። እሱ አይወጣም። ሁለተኛው በረኛ ደግሞ ያንን ሁሉ ጓዝ ታጥቆ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያመሻል።

የዚህ ሥራ ጭካኔ ከቁጥሩ ይጀምራል። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ 30 ክለቦች በነበሩት ዘመን የነበረው የአንደኛ በረኛ ቦታ 30 ብቻ ነው። አጥቂ ጎበዝ ቢሆን አራተኛ መስመር ላይ ይሸጎጣል፤ በረኛ ግን ግማሽ ቦታ የለውም። ስለዚህ ይዞራል። ሻንጣውን ጠቅልሎ ሰው የተጎዳበት፣ ሰው የጎደለበት ክለብ ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ሰው ሲመለስ ደግሞ ይነሣል።

ያ ከልቤ ያልወጣው በረኛ ቲም ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1974 ፍሊንት፣ ሚሺጋን ተወለደ (ዓመቶቹን በዚያው አቆጣጠር እቀጥላለሁ)። ፍሊንት የጄኔራል ሞተርስ ከተማ ናት፤ ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ሲሄዱ ኑሮ የከበደባት። ልጁ ገና 5 ዓመቱ ሳለ፣ በየካቲት 1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ የአሜሪካ ወጣቶች ያን የማይደፈር የሶቪየት ኅብረት ቡድን 4 ለ 3 አሸነፉ። በሩ ላይ የነበረው ጂም ክሬግ ነው፤ ልጁም መሆን የሚፈልገውን ያን ጊዜ አወቀ። ለበረኞች ሥልጠና ክፍያ ሲያስፈልግ አባትና እናቱ የጋብቻ ቀለበታቸውን አስይዘው ገንዘቡን አገኙ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ልጅን ለማስተማር በሬ የሸጠ አባት፣ ወርቋን አውልቃ የሰጠች እናት የምናውቅ ሰዎች ነንና፣ ያ ልጅ በኋላ ለምን እጁን አልሰጠም ብዬ አልጠይቅም።

በ1994 የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሊጉ ክለቦች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ምልመላ ኩቤክ ኖርዲክስ የተባለው ክለብ በ9ኛው ዙር፣ በ217ኛ ተራ መለመለው። በዓመቱ ክለቡ ራሱ ከኩቤክ ተነቅሎ ኮሎራዶ ገባ፤ ስሙም ተለወጠ። በታኅሣሥ 1995 ደግሞ ስመ ጥሩው በረኛ ፓትሪክ ሩዋ ወደዚያው መጣ። ሩዋ የቆመበት በር ለሌላ አይለቀቅም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ነው። በርሚንግሃም፣ አላባማ፤ 6 ጨዋታ። ሂዩስተን፣ ቴክሳስ፤ 1 ጨዋታ። በዚያው ወቅት ባሕር ተሻግሮ ሄልሲንኪ፣ በጸደዩም የፊንላንድ ሻምፒዮንነት። ወደ ካናዳ ተመልሶ ሃሚልተን፣ እንደገና ሄልሲንኪ፣ ከዚያ በአነስተኛው ሊግ የዲትሮይት ክለብ፣ ከዚያ ስቶክሆልም፣ ከዚያ በፊንላንድ ሰሜን በታኅሣሥ ፀሐይ ጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ የምትልባት ኦውሉ። በ2002 መገባደጃ ለቦስተን ብሩይንስ 4 ጨዋታ ተሰለፈ፤ 3ቱን አሸነፈ፤ ከዚያ ወደ ፕሮቪደንስ፣ ወደ ታችኛው ቡድን መለሱት። በ2004 የሊጉ ባለቤቶችና ተጫዋቾች በገንዘብ ተጣልተው ዓመቱ በሙሉ ሲሰረዝ ለዮከሪት ክለብ ሊጫወት ሄልሲንኪ ተመለሰ። በዚያ ዓመት 15 ጊዜ መረቡን ሳያስደፍር ወጣ።

ስለ እሱ የተጻፈው ብዙው እነዚህን ዓመታት እንደ ባከኑ ይቆጥራቸዋል። እኔ አልስማማም። በዚያ ዘመን የበረኛ ትምህርት አንድ መልክ ይዞ ነበር። ጉልበትን በረዶው ላይ አንበርክኮ እግሮችን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ወደ ጎን መዘርጋት፣ ከማዕዘን ማዕዘን መንሸራተት፣ ጎማው ራሱ መጥቶ እንዲመታህ መጠበቅ። ሩዋ ያስፋፋው ስልት ነው፤ ይሠራልም። ቶማስ ግን እንዲህ አልነበረም። ከበሩ ርቆ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ተዘርሮ ሳለ ዱላውን ወደ ኋላ ወርውሮ ያድናል። ሲያዩት ያለቀለት ይመስላል፤ ጎማው ግን መረቡ ውስጥ የለም። ይህ ስልት ከአንድ አሰልጣኝ ሥር ለአሥር ዓመት ቢቀመጥ ኖሮ የሚተርፍለት አይመስለኝም፤ ያርሙት ነበር። ያላረሙት የትም ስላልሰነበተ ነው። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ለሚቆይ ሰው እጁን ሊያቀና የሚደክም የለም፤ ያድናል ወይ ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እሱም በየአገሩ ያድን ነበር። የሚያድንበትን መንገድ ከራሱ አካል እየተማረ።

በጥር 2006 የቦስተን በረኞች ሲጎዱ ጠሩት። 31 ዓመቱ ነበር፤ ብዙ በረኛ ስለ ጡረታ የሚያስብበት ዕድሜ። ሌላ ሰው አምጥተው ሊተኩት ሞከሩ፤ ቦታውን አልለቀቀም። በ2009 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ። በማግሥቱ ዓመት ዳሌው ታመመና አሥራ ሦስት ዓመት የሚያንሰው ቱካ ራስክ በሩን ያዘበት። ራስክ ከዚያችው ቶማስ እንጀራ ከበላባት ፊንላንድ የመጣ ልጅ ነው። እንደገና የወንበሩ ጫፍ። ዳሌውን በቀዶ ሕክምና አስጠግኖ ሲመለስ፣ በ2010–11 ከተመቱበት 93.8 በመቶውን አዳነ፤ በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር።

በዚያው ወቅት ፍጻሜ ፊት ለፊቱ የቆመው የቫንኩቨሩ ሮቤርቶ ሉዎንጎ ነው፤ በራሱ የምልመላ ቀን በ4ኛ ተራ የተጠራ። በ7 ጨዋታ ቶማስ 8 ግብ ብቻ ገባበት። ሰኔ 15 ቀን 2011 ቦስተን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ እሱም 37 ምት አዳነ። ክለቡ የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ ካየ 39 ዓመት ሆኖት ነበር። የዋንጫው ጥሎ ማለፍ ኮከብ ተብሎ ሲሸለምም 37 ዓመቱ ነበር፤ ይህን ሽልማት በዚያ ዕድሜ ያገኘ ተጫዋች ከእርሱ በፊት የለም።

ዋጋውን መናገር ያስፈልጋል። በታኅሣሥ 2013 ለፍሎሪዳ ሲጫወት አንጎሉ ላይ ጉዳት ደረሰበት። በማግሥቱ ጠዋት ሲነሣ ምን እንደሚበላ፣ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን አቅቶት እንደነበር በኋላ ተናገረ። በተደረገለት ምርመራ ከአንጎሉ ሁለት ሦስተኛው ከ5 በመቶ ያነሰ ደም ነበር የሚያገኘው። ዓመታት ከሰው ሸሽቶ ጫካ አጠገብ ኖረ፤ ሆኪ ማየትም ተወ። ሰው ይህን የሰማው በታኅሣሥ 2019 ዋሽንግተን ውስጥ የአሜሪካ ሆኪ ታላላቆች መዝገብ ላይ ስሙ በሰፈረበት ምሽት፣ እሱ ራሱ ቆሞ ሲናገር ነው። በየከተማው ያለ ማረፍ የተቀበላቸውን ምቶች እያሰብሁ ያን ንግግር በእርጋታ ልሰማው አልቻልኩም። እኛ ተመልካቾች «አዳነ!» ብለን የጮኽንበት እያንዳንዱ ምት የሆነ ሰው አካል ላይ አርፏል።

እኔ እየደጋገምሁ የማየው ግን የፍጻሜውን ምሽት አይደለም፤ ከሱ በፊት የነበረውን፣ ግንቦት 27 ቀን 2011ን። ቦስተንና ታምፓ ቤይ ለፍጻሜ ለማለፍ ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ እየተጫወቱ ነው። ለታምፓ የሚያጠቃው ማርቲን ሳን ሉዊ ነው፤ በቨርሞንት ከቶማስ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ የነበረ። ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ በምልመላ ቀን ስሙን የጠራው ክለብ አልነበረም፤ የመጀመሪያ ክለቡም አሰናበተው። ኋላ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ቦስተን 1 ለ 0 አሸነፈ። በሆኪ ልማድ፣ እንዲህ ያለ ፉክክር ሲያበቃ ሁለቱ ቡድኖች ትይዩ ተሰልፈው እያንዳንዱ እያንዳንዱን ይጨብጣል። ቶማስ ጓንቱን አውልቆ በሰልፉ እየገፋ መጣ፤ ከወዲያ በኩል ሳን ሉዊ እየቀረበ ነበር።