ይቅርታው የማን ነው?

አንድ ፊልም አብቅቶ መብራት ሲበራ የተመልካቹን ፊት መመልከት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ስሜት አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራው የሚያስቅ ከሆነ አዳራሹ በሙሉ ይስቃል፤ የሚያሳዝንም ከሆነ ሁሉም መሐረቡን ይፈልጋል። አልፎ አልፎ ግን ተመልካቹን ለሁለትና ለሦስት የሚከፍል ሥራ ያጋጥማል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ሥዕል ሲያዩ፣ ያንኑ ድምፅ ሲሰሙ የቆዩ ሰዎች የተለያየ ፊልም የተመለከቱ ይመስል አንዱ ይቆጣል፤ ሌላው ያደንቃል፤ ሦስተኛውም ቃል ሳይተነፍስ ኮቱን አንሥቶ ይወጣል። ይህ መለያየት ከየት ይመጣል? ከሥራው ጉድለት ነውን? ወይስ እያንዳንዱ ተመልካች ከቤቱ ይዞት ከመጣው ሸክም? ጥያቄውን እንዳነሣ ምክንያት የሆነኝ የደቡብ ኮሪያው የፊልም አዘጋጅ ሊ ቻንግ ዶንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረበው «ምስጢራዊ ፀሐይ» የተባለው ፊልም ነው።

ኮሪያ ሲባል በእኛ አገር በዕድሜ ለገፋው ሰው ቀድሞ የሚታወሰው የቃኘው ሻለቃ ዘመቻ ሲሆን፣ ለወጣቱ ደግሞ በየቤቱ የሚታዩት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ናቸው። ይህ ፊልም ከሁለቱም የራቀ ነው። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1954 የተወለደ ሲሆን፣ ወደ ፊልም ሥራ ከመግባቱ በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የልብ ወለድ ደራሲ ነበረ። ከ2003 እስከ 2004 የአገሩ የባህልና የቱሪዝም ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል። «ምስጢራዊ ፀሐይ» ከሚኒስትርነቱ ከተሰናበተ በኋላ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ርእሱ የተወሰደው ታሪኩ ከሚፈጸምባት፣ በደቡብ ምሥራቅ ኮሪያ ከምትገኘው ከሚርያንግ ከተማ ስም ነው፤ ስሟ በቻይና ፊደል ሲጻፍ ይህንኑ ትርጉም ይሰጣልና።

ሺን ኤ የተባለችው ወጣት ሴት ባሏን በመኪና አደጋ ካጣች በኋላ ትንሽ ልጇን ይዛ ባሏ ወደ ተወለደባት ወደዚህች ከተማ ትመጣለች። ፒያኖ እያስተማረችም ኑሮ ትጀምራለች። ማንም የማያውቃት እንግዳ በመሆኗ በጎረቤት ዘንድ እንድትከበር ብላ ገንዘብ ያላትና መሬት ለመግዛት የምታስብ መስላ ትታያለች። ይህች ትንሽ ማስመሰል ታላቅ መዓት ታመጣባታለች፤ ልጇ ይጠለፋል፤ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቅበታል፤ በመጨረሻም ሞቶ ይገኛል። ገዳዩ ሕፃኑ የንግግር ችሎታ ይማርበት የነበረው ትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። ሐዘኑ ከሰውነት ተራ ሊያወጣት የደረሰው እናት ወደ አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጮኻለች፤ ታለቅሳለች፤ ትጽናናለች፤ አማኝም ትሆናለች። እምነቷ በርትቶም ገዳዩን እስር ቤት ድረስ ሄዳ፣ ፊት ለፊት ይቅር ልትለው ትነሣለች።

ተመልካቹን የሚከፍለው ትዕይንት ይህ ነው። በመስታወት ማዶ የተቀመጠው እስረኛ ፊቱ ወዘና ያለው፣ ድምፁም የረጋ ሆኖ ይጠብቃታል። የመጣችበትን ምክንያት ስትነግረው ደስ ይለዋል፤ እርሱም እስር ቤት ገብቶ አምላክን እንዳገኘ፣ ንስሓ እንደገባ፣ ኃጢአቱ እንደተሰረየለት፣ ከዚያ ወዲህም ልቡ ሰላም እንዳገኘ በትሕትና ያስረዳታል። እናቲቱ ይዛው የመጣችው ይቅርታ ተቀባይ አጥቶ በእጇ ላይ ይቀራል። ከእስር ቤቱ እንደወጣችም ራሷን ስታ ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልሙ ክፍል የዚህች ሰዓት መዘዝ ነው። ሜዳ ላይ በተዘጋጀ የጸሎት ጉባኤ መካከል «ውሸት ነው» የሚል የቆየ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ትለቃለች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት አንዱን ለማሳት ትሞክራለች፤ በዚያው ቅጽበት ታየኛለህን? በሚል ዓይን ወደ ሰማይ ታፈጣለች፤ በኋላም የእጇን ደም ሥር ቆርጣ ሆስፒታል ትገባለች።

ፊልሙ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ላይ ሲቀርብ፣ ሺን ኤን ሆና የተጫወተችው ጆን ዶ ዮን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አግኝታለች። በዚያ መድረክ ይህን ሽልማት የወሰደች የመጀመሪያዋ ኮሪያዊት እርሷ ናት። በአገሩ ግን ዋናው ክርክር ከትወናው ይልቅ ስለ እምነት ነበረ። በደቡብ ኮሪያ ከሕዝቡ ከአራት አንዱ እጅ የሚበልጠው ክርስቲያን ነው። ከምእመናኑ አንዳንዶቹ ፊልሙ እምነታቸውን ያቃለለ መስሏቸው ተቆጡ፤ ሌሎቹ ደግሞ በርካሽ ለሚሰበክ ይቅርታ የተሰጠ ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነው ብለው ተቀበሉት። ከሃይማኖት ውጭ ካሉትም ወገን አንዱ የሃይማኖትን ባዶነት አጋለጠ ሲለው፣ ሌላው ውስጥ ውስጡን ለሃይማኖት ያደላ ሥራ ነው አለው።

ፊልሙን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ከመምህራንና ከኪነ ጥበብ ወዳጆች ጋር ስመለከት፣ ያ የሩቅ አገር ክርክር በአጠገቤ ተደገመ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ አንድ አዛውንት መምህር እናቲቱ ወደ ሰማይ ባፈጠጠችበት ቦታ አንገታቸውን ደፉ፤ ፊልሙ እንዳበቃም የአንዲትን ሐዘንተኛ እንባ ለድፍረት መሣሪያ ማድረግ ነውር ነው ሲሉ ተናገሩ። አንድ ወጣት ሠዓሊ በአንጻሩ አዘጋጁን በፍርሃት ወቀሰ፤ ሰባኪውንና ጉባኤውን በግልጽ ሳያወግዝ አለፈ ባይ ነው። የሒሳብ መምህር የሆነ ወዳጄ ደግሞ፣ መፍትሔ ላልተሰጠው ታሪክ ከሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥ በዝቶበታል።

ክርክሩ እየሞቀ ሲሄድ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ወይዘሮ እጃቸውን አነሡ። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተገድሎባቸዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወንድማቸውን አሳልፎ የሰጠውን ሰው በአንድ ለቅሶ ቤት አገኙት። ሰውየው እጅ ነሣቸው፤ ጤንነታቸውን ጠየቃቸው፤ ያለፈው አልፏል፣ እኔም ንስሓዬን ፈጽሜያለሁ አላቸው። ወይዘሮዋ ይህን ካወጉን በኋላ፣ ያቺ ኮሪያዊት ከእስር ቤቱ ወጥታ ስትወድቅ የግርጌ ጽሑፉን ማንበብ እንዳላስፈለጋቸው ተናግረው ተቀመጡ። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

በኋላ እንዳሰላሰልኩት እነዚህ ሰዎች የተለያዩት በአስተያየት ብቻ አልነበረም፤ ዓይናቸው ያረፈበትም ቦታ የተለያየ ነበረ። አዛውንቱ ያዩት ሰማዩን ነው፤ ሠዓሊው ጉባኤውን፣ የሒሳብ መምህሩ መደምደሚያውን፣ ወይዘሮዋ የገዳዩን ፊት። ለዚህ መንገድ የከፈተው የአዘጋጁ አሠራር ነው። ካሜራው ገዳዩን አስመሳይ ነው ብሎ አይፈርድበትም፤ የተለወጠ ሰው ነው ብሎም አይመሰክርለትም። ምናልባት ሰውየው የሚናገረው እውነቱን ነው። እጅግ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው፤ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ጠልቶት ይገላገል ነበርና። አዘጋጁ እናቲቱንም ቢሆን አያሽሞነሙናትም። በአንድ ወቅት የገዳዩ ልጅ የሆነች ልጃገረድ በጎዳና ዳር ስትደበደብ እያየች መኪናዋን አስነሥታ ትሄዳለች። ተበዳይ መሆኗ ቅድስት አያደርጋትም። እንዲህ ሆኖ የተዘጋጀ ትዕይንት ፍርዱን ለተመልካቹ ስለሚተው፣ ተመልካቹ ከገዛ ታሪኩ እየጨመረ ይሞላዋል።

የፊልሙን ምንጭ ስናጤን ደግሞ ጉዳዩ ከአንዲት እናት ቤት የሰፋ መሆኑ ይገለጻል። ፊልሙ የተመሠረተው ደራሲው ዪ ቾንግ ጁን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው «የትል ታሪክ» በተባለ አጭር ልብ ወለድ ላይ ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት ወር 1980፣ በጉዋንግጁ ከተማ በወታደራዊው አገዛዝ ላይ የተነሣው ሕዝብ በጦር ኃይል ተጨፍጭፎ በመቶ የሚቆጠር ሰው አልቋል። ልብ ወለዱ የሚተርከው ስለ ተገደለ ሕፃን ነው፤ ሊ ቻንግ ዶንግ ግን ሲያነበው የታሰበው ጉዋንግጁ እንደነበረ ተናግሯል። የጭፍጨፋው ዋና ተጠያቂ ጄኔራል ቹን ዱ ህዋን እ.ኤ.አ. በ1996 ቢፈረድባቸውም፣ በታኅሣሥ ወር 1997 ለብሔራዊ አንድነት ሲባል በመንግሥት ምሕረት ተለቀቁ፤ በኅዳር ወር 2021 እስከ ሞቱም ድረስ የተጎጂዎቹን ቤተሰቦች ይቅርታ አልጠየቁም። ምሕረቱን የሰጠው መንግሥት ነው። ልጆቻቸውን የቀበሩት እናቶች፣ ልክ እንደ ሺን ኤ፣ የተፈጸመ ነገር ተነገራቸው። እንግዲህ በመስታወቱ ማዶ የተቀመጠውን ሰው የረጋ ፊት ያየ ኮሪያዊ ስንቱን ፊት እንደሚያስታውስ መገመት አያዳግትም።

በእኔ አስተያየት ፊልሙ የሚያነሣው ጥያቄ አምላክ ይቅር ይላል ወይስ አይልም የሚል አይደለም። ጥያቄው ተበዳዩን ዘልሎ የሚሄድ ይቅርታ ይቅርታ ይባላል ወይ የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የእኛም ባህል የሚለው አለው። ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ሲታረቅ፣ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሎች መካከል አጎንብሶ ይቀርባል። ተበዳዩ እንቢ ማለት ይችላል፤ እንቢ ሲልም ሽማግሎቹ ሌላ ቀን ተመልሰው ይመጣሉ። በመጨረሻም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባል፣ የአምላክ ስም ቢጠራም ቃሉ የሚወጣው ከተበዳዩ አፍ ነው። አምላክ እዚያ ምስክር ነው፤ የተበዳዩን ተራ አይወስድበትም። ወንጌሉም ቢሆን ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መባውን ከማቅረቡ በፊት አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ያዝዛል። ከዚህ አንጻር አዛውንቱ መምህር የተቆጡበት ፊልም ከተማሩት ትምህርት ጋር የሚጋጭ ሆኖ አይታየኝም፤ ይህንንም በዚያው ምሽት ነግሬያቸው በከፊል ተቀብለውኛል።

ይሁን እንጂ ባህላችንን በማሞገስ ብቻ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የሽማግሎች ክብር እንዳይነካ፣ የአገር ሰው እንዳይታዘብ ተብሎ ልቡ ሳይፈቅድ «ይቅር» ያለ ተበዳይ በየመንደሩ አለ፤ በተለይም የሟች እናትና እኅት ሳይጠየቁ ወንዶች ተቀምጠው የጨረሱት ዕርቅ ጥቂት አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ብሂል በቋንቋችን ጸንቶ የኖረው፣ ለመርሳት የሚቸኩለው ወጊው መሆኑን የታዘበ ሰው ስለነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጭንቀት መካከል ብዙ ተመልካች ልብ ሳይለው የሚያልፈው ገጸ ባሕርይ ጆንግ ቻን ነው። ሶንግ ካንግ ሆ የሚጫወተው ይህ ባለ ጋራዥ ሺን ኤን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥቂት እርምጃ ርቀት ይከተላታል። ጥልቅ ቃል አይናገርም፤ አንዳንዴም ያስቃል። ቤተ ክርስቲያን የሄደው እርሷን ተከትሎ ነው፤ እርሷ ከተወች በኋላ ግን እርሱ መሄዱን አልተወም። በልብ ወለዱ ውስጥ እናቲቱ ራሷን ታጠፋለች፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ትተርፋለች። ከሆስፒታል በወጣች ዕለት ጠጉሯን ልትቆረጥ የገባችበት ቤት ውስጥ መቀስ ይዛ የምትቀርባት ያችው የገዳዩ ልጅ ሆና ትገኛለች። ሺን ኤ ቁርጡን ሳታስጨርስ ወጥታ፣ ቤቷ ደርሳ፣ በግቢዋ ውስጥ ጠጉሯን ራሷ መቁረጥ ትጀምራለች፤ ጆንግ ቻንም መጥቶ መስታወቱን ይይዝላታል። ካሜራው ከሁለቱ ይለይና ጭቃማ በሆነው የግቢው መሬት ላይ ወደ ወደቀች ጥቂት የፀሐይ ብርሃን ዘንበል ይላል። ፊልሙም በዚሁ ያበቃል። የሒሳብ መምህሩ መፍትሔ ያጣበት መደምደሚያ ለእኔ ትልቅ ነገር ተናግሯል፤ ሐዘንተኛን ይቅር በይ ብሎ ሳይቸኩል መስታወት ይዞ መቆም የሚችል ሰው በየሰፈሩ ያስፈልጋልና።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለተማሪ ወይም ለሕዝብ የሚያሳይ መምህርም ሆነ የኪነ ጥበብ ባለሙያ የሚገጥመው ፈተና አለ። መብራት እንደበራ የፊልሙ መልእክት ምንድን ነው? ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ጥያቄው በቀረበ በአምስት ደቂቃ ውስጥም አንድ ደፋር ሰው መልስ ይሰጥና ውይይቱ ይዘጋል። በዚያ ምሽት እንዲህ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ወይዘሮዋ እጃቸውን ሳያነሡ ወደ ቤታቸው በሄዱ ነበር። ስለዚህ በበኩሌ የምመርጠው ቀለል ያለ ጥያቄ ነው፤ በእስር ቤቱ ትዕይንት ላይ የማንን ፊት ስትመለከቱ ነበር? ብሎ እያንዳንዱን መጠየቅ፣ የመጨረሻውንም ቃል ከኋላ ዝም ብሎ ለተቀመጠው ሰው ማቆየት።