ሁለቱን አብሮ የሚወስድ

ጓደኛዬ የሥራ ፈረቃዋ ወደ ሌሊት ተቀየረና ጊኒ ፒጎቿን ማቆየት አቃታት። ዙሪክ ውስጥ ለሰው ቤት መፈለግ ራሱ ፈተና ነው፤ እኔ ደግሞ ይኸው የእንስሳት ደላላ ሆኛለሁ።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ «አንዷን ብቻ ስጡኝ፣ ትንሿን» አለች። አይሆንም! እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማኖር በሕግ ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖርም እኔ አልለያያቸውም። በር በኃይል ሲዘጋ ትንሿ ሮጣ ትልቋ ሆድ ሥር ትወሸቃለች፤ ትልቋ ምንም እንዳልተፈጠረ ድርቆሿን ታኝካለች።

አንድ ወዳጃችን ደግሞ «ፔሩ ይበላል አይደል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ይበላል። ግን የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ይባላል? ልጅቷ እስካሁን አኩርፋዋለች።

ብዙዎች እንደ አሻንጉሊት ያዩአቸዋል። ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ድርቆሽ ከፊታቸው መጥፋት የለበትም። ልክ እንደኛ ቫይታሚን ሲ ሰውነታቸው አያመርትም፤ ስለዚህ በየቀኑ ትኩስ አትክልት ይፈልጋሉ። ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ሲወዱ ለጉድ ነው። ፌስታል ኮሽ ካለ የሚያሰሙት ፉጨት ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ ይህን ቀድሜ እናገራለሁ፣ ኋላ ወቀሳ አልፈልግም።

ከነቤታቸው፣ ከነድርቆሻቸው፣ በነጻ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ፦ ክረምት አገር ቤት ስትሄዱ ማን ያበላቸዋል?